የበላችውና የጠጣችው

ከቁይ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ረድፍ ጀርባ፣ በረዥም እንጨት ላይ ጣሳ የተደፋበት ቤት አለ። ጣሳው ጠላ አለ ማለት ነው። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ዓይናዲስ ናቸው፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን የጠየቃቸው ሰው «ከስልሳ ወዲያ ያለውን ቄሶቹ ይቁጠሩልኝ» የሚል መልስ ያገኛል። እኔ ጌቱ እባላለሁ፤ የቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከብት ስከትብና ቅጽ ስሞላ ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ቅጼን ያሸነፈ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እሳቸው ናቸው። የምጽፈው ቂም ይዤ አይደለም። ትንሽ ቂም ግን አለኝ።

አባታቸው ደብረ ኤልያስ ላይ የቅኔ መምህር ነበሩ። እትዬ ራሳቸው ቅኔ ቤት ተቀምጠው አልተማሩም፤ ለተማሪዎቹ ውሃ ሲቀዱ፣ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ የሰሙት ግን ጆሯቸው ውስጥ ቀርቷል። ለዚህ ነው ንግግራቸው ሁለት በር እንዳለው ቤት የሚሆንብኝ፤ በአንዱ በር ስጠብቃቸው በሌላው ይወጣሉ። አንድ ቀን አንድ ነጋዴ «እትዬ፣ ጠላዎ ቀጠነብኝ» ቢላቸው፣ «ጠላን የጠላ ወንዝ አለለት» ብለው ጣሳውን ከፊቱ አነሡበት። ሰውዬው እስኪገባው ድረስ እኛ ስቀን ጨርሰናል።

ባላቸው አቶ መሳፍንት ካረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። አንድ ልጃቸው ይሄይስ ደብረ ማርቆስ ባጃጅ ይነዳል። ቤት ውስጥ የቀረቻቸው ዳሚት ናት፤ ዳማ ላም። አቶ መሳፍንት ጊደር ሳለች ከጉንደ ወይን ገበያ ገዝተው፣ ሁለት ቀን ሙሉ በገመድ እየሳቡ ነው ያመጧት። ይሄይስ በእሷ ወተት አድጎ፣ በእሷ ቅቤ ተምሯል። አሁን ግን አርጅታለች። ነጥፋለች፣ ጎድኗ ይቆጠራል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮርማ አልፈለገችም። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት የመጣው ይሄይስ በረት ውስጥ ቆሞ አየት አደረጋትና «እማዬ፣ ይህ እኮ ጭድ ማባከን ነው። ለፋሲካ ትሸጥ» አላቸው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሒሳቡም ልክ ነው። እትዬም «እስከ ፋሲካ ካልተሻላት ያልከው ይሁን» ብለው ቃል ገቡለት። ለእኔ ሲነግሩኝ ፊታቸውን ወደ ጋኑ አዙረው ነበር። «አርጅታ ቢላ ጠበቃት። እኔም አርጅቻለሁ» አሉኝ። ጠላዬን ጠጣሁ።

ሂዊ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትማር፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ አቧራ የጠጣ ቡትስ ያደረገች ልጅ ናት። በከረጢት ቡናማ ዱቄት ይዛ ነበር። ዱቄቱ ፉርሽካ ላይ አንድ ዓይነት ፈንገስ አብቅለው፣ አብላልተው፣ አድርቀው የፈጩት ነው። ጭድ ብቻ ለሚበላ ከብት በቀን አንድ እፍኝ ቢሰጠው ጭዱ ሆዱ ውስጥ በደንብ ይብላላለታል ወይ? ጥያቄዋ ይኸው ነው። አሥራ ሁለት ቤት ዞሬ አሥራ ሁለት ከሲታ ላም የሰበሰብኩላት እኔ ነኝ። አንዷ ዳሚት ናት።

በስብሰባው ቀን ለሰዉ ላስረዳ ተነሣሁ። ፈንገስ የሚለው ቃል እንዳይከብዳቸው ብዬ «ሻጋታ» አልኩት። ሞኝነቴ! ገበሬ ሻጋታን ያውቃታል። ዝናብ የገባበት ክምር ስንት ላም እንዳስጨነገፈ ከእኔ በላይ ያውቃል። ጉምጉምታ ተነሣ፤ አንዱ ጭራሽ ላሙን ሊነዳ ገመዱን ፈታ። ሂዊ እኔን ታየኛለች፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«እስቲ ቆዩ» አሉ እትዬ ዓይናዲስ ከኋላ። «አንቺ ልጅ፣ ይህ ነገር ሆዷ ገብቶ ምን ይሠራል?»

«እማማ፣ ጭዱን ላሟ ብቻዋን አይደለም የምትፈጨው። ጨጓራዋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት አሉ። ጭዱን የሚያብላሉት እነሱ ናቸው። ዱቄቱ እነሱን ያበረታቸዋል ብለን ነው።»

«ያብላላሉ ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ያብላላሉ።»

«ታዲያ እርሾ ነዋ!» አሉና ወደ ሰዉ ዞሩ። «የላም ሆድ ጋን ነው እያለቻችሁ ነው። ጭዱ ድፍድፍ፣ ይቺ ደግሞ እርሾ። አንተ ጌቱ፣ ጠላዬን ስትጨልጥ ምን የምትጠጣ መስሎህ ነው ሻጋታ እያልክ ሰው የምታስደነግጠው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ገመድ የፈታውም ሰውዬ መልሶ አሰረ። ሦስት ዓመት ኮሌጅ የተማርኩትን በአንድ ጋን አስረዱልኝ። ሂዊ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ «የላም ሆድ ጋን ነው» ብላ እንደሆነ በኋላ አየሁ።

ከዚያ ዕጣ ወጣ። ስድስቱ ላሞች ዱቄት ያገኛሉ፣ ስድስቱ አያገኙም፤ አለዚያ ልዩነቱ በምን ይታወቃል? ወረቀቶቹን ባርኔጣዬ ውስጥ ጨመርኩ። እትዬ አማተቡና አንዱን አነሡ፤ ገለጥ አድርገው አነበቡት፤ መልሰው አጠፉት። «ያለ ዱቄት» ነበር። «ዕጣ የእግዜር ነው» አሉ፤ ፊታቸው ግን ሌላ ይናገር ነበር። ሰዉ ሲበተን ሂዊን በክንዷ ያዟት።

«ልጄ፣ አንድ እፍኝ እኮ ነው። ለፋሲካ የምትታረድ ላም ናት። ከአንዱ ጋር ብትቀያይሪልኝስ?»

«እማማ፣ ዕጣ ከተቀየረ ጥናቱ ሁሉ ይበላሻል። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ሂዊ። የልጅቷም ዓይን ቀላ። ያኔ እኔ ብሆን ኖሮ እፍኙን በኪሴ አድርጌ በሰጠኋቸው ነበር፤ ደግነቱ ዱቄቱን የያዘችው እሷ ነች።

ቀጥሎ የመጣው ቃል መግባት ነው። ላሞቹ ከጭድና ከድርቆሽ ሌላ፣ ዕጣ ለወጣላቸው ደግሞ ከዱቄቱ ሌላ፣ ዘጠና ቀን ሙሉ ምንም እንዳይጨመርላቸው እያንዳንዱ ባለቤት ማለ። የእትዬ ተራ ሲደርስ ጥቂት አሰቡ። እኔ እንባቸውን የሚውጡ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና «ከጭድና ከድርቆሽ በቀር ዳሚት አንድ ነገር አትበላም። ሚካኤልን!» አሉ። እንዲህ ያለ ጥርት ያለ መሐላ ሰምቼ አላውቅም ብዬ ለሂዊ ነገርኳት። የቅኔ መምህር ልጅ ስትምል ቃሉን ሁለቴ መስማት እንደሚገባ ማን አስታወሰኝ?

ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አምሮ ነበር። በየሳምንቱ ማክሰኞ እየዞርኩ የምሞላው ሲሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «ላሚቱ በዚህ ሳምንት ምን በላች?» ይላል። እትዬ ጥያቄውን አስጨርሰውኝ አያውቁም። «ጭድና ድርቆሽ» ይሉኛል፤ እጽፋለሁ፤ አንድ ጣሳ ይቀዱልኛል። ስለ አተላ አንድም ቃል ቅጹ ላይ አልነበረም። አተላን ረስቼ አይደለም። ሌሎቹ ቤቶች ጠላ የሚጠምቁት ለድግስ ነው፤ በሁዳዴ ደግሞ ድግስ የለም። የእትዬ አተላ ደግሞ የባምላኩ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤታቸው ባምላኩ በሬ ያደልባል፤ ለዳሚት ጭድ ይሰጣል፣ በምትኩ አተላውን በጀሪካን እየቀዳ ለበሬዎቹ ይወስዳል። ስምምነቱ የአቶ መሳፍንት ጊዜ ነው።

ሂዊ በበኩሏ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመጣለች። የላሞቹን ደረት በሜትር ትለካለች፣ ከዚያ እበታቸውን በወንፊት ላይ አድርጋ በውሃ ታጥባለች። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ያልተፈጨ ጭድ ነው፤ እሱን በማስመሪያ ትለካለች። የመንደሩ ሴቶች ይህን ለማየት አጥር ላይ ይንጠለጠሉ ነበር። «ልብስ የሚያጥብ አይቻለሁ፣ ጨጓራ የሚያጥብ አይቻለሁ» ይላሉ እትዬ፣ «እበት የሚያጥብ ግን ዘንድሮ አየሁ። እናትሽ ይህን ያውቃሉ?» ሂዊ ትስቃለች። ሽሮ ያበሏታል፣ እግሯን ታጥባ እንድትሄድ ውሃ ያሞቁላታል። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ሴት ልጅ የላቸውም፤ ወደዷት፤ እሷም ወደደቻቸው።

አሁን ሳስበው ነገሩ ዓይኔ ሥር ነበር። በሁዳዴ እኩሌታ ላይ ባምላኩን መንገድ ላይ አገኘሁት።

«የዘንድሮ አተላ ምን ነካው?» አለኝ። «በፊት ሁለት ጀሪካን ይሞላ ነበር፤ አሁን አንዱም አይሞላ።»

«ጾም ነዋ፤ ጠጪ ቀንሷል» አልኩት እንደ ዐዋቂ። ይህን ስል ከዚያው ቤት ሁለት ጣሳ ጠጥቼ መውጣቴ ነበር፤ ቤቱም ሙሉ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ እትዬ ራሳቸው ግድግዳ ላይ የለጠፉትን ኩበት እያሳዩ «እየተሰነጠቀ አስቸገረኝ። እበቱ ውስጥ የሚይዘው ጭድ ጠፋ» አሉኝ። ባለሙያው እኔ ምን አልኩ? «ፀሐዩ ከርሮ ነው» አልኩ። እበቱ ውስጥ ጭድ ጠፋ ማለት ሆድ ውስጥ ተፈጨ ማለት እንደሆነ የሚያስተምር ሥልጠና ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ።

ዘጠናኛው ቀን ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ላይ ዋለ። ላሞቹን ሁሉ ዞረን ዳሚትን ለመጨረሻ አቆየናት። ዱቄት የበሉት ስድስቱ ደረታቸው ሦስት፣ ሦስት፣ አንዷ ብቻ አራት ሴንቲ ሜትር ጨምረው ነበር። ዱቄት ያልበሉት አምስቱ አንድ ወይ ሁለት። ሂዊ ደስ ብሏት መንገዱን እየዘለለች ነው ወደ እትዬ ቤት የሄደችው። ሜትሩን በዳሚት ደረት ዙሪያ አዞረች። ፈትታ ደግማ አዞረች። ዘጠኝ።

እትዬ እልል አሉ። በጾም እልልታ አይገባም ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት ሌላ ጨመሩ። እውነትም ዳሚት ሌላ ላም ሆናለች፤ ጎድኗ ተሸፍኗል፣ ጠጉሯ ያብለጨልጫል፣ ቆማ በእርጋታ ታመሰኳለች። ሂዊ ግን ወንፊቷን ይዛ እበቱን አጠበች። ወንፊቱ ላይ የቀረው ጭድ እንደ አጃ ገለፈት የደቀቀ ነበር፤ ከስድስቱ ከማንኛቸውም ይልቅ የደቀቀ። ደብተሯ ላይ ደመረች፣ አካፈለች፤ ከዚያ ወንፊቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች። ስታለቅስ ድምፅ አልነበራትም።

«ምን ሆነች?» አሉኝ እትዬ በሹክሹክታ።

«ዳሚት ብቻዋን ዱቄት ያልበሉትን ድምር ሰቀለችው» አልኳቸው። «ከበሉት ጋር ሊተካከሉ ምንም አልቀራቸው። እንግዲህ ዱቄቱ አይሠራም ብላ ልትጽፍ ነው።»

«ይሠራ የለም እንዴ?»

«ሳይሠራ አይቀርም። ግን ቁጥሩ አይልም።»

ሂዊ ቀና አለች። «ሦስት ወር እማማ! መምህሬ ሌላ ዙር እንደማይፈቅድልኝ ነግሮኛል። አይሠራም ብዬ ከጻፍኩ ደግሞ ነገ ለማንም ገበሬ አይደርስም። ምን እንዳጠፋሁ ግን አላውቅም» አለች።

እትዬ ዓይናዲስ ዝም ብለው መቅረት ይችሉ ነበር። ላሟ ድናለች፤ ይሄይስ ፋሲካን ሊውል ሲመጣ አፉን የሚዘጋ ደረት አላት። ማንም የጠረጠረ የለም፤ እኔማ ጭራሽ። ወደ ቤት ገቡ፤ በርጩማ ይዘው ወጡ፤ ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ያ ቅጽ በየሳምንቱ ምን ብሎ ነበር የሚጠይቀኝ?»

«ላሚቱ ምን በላች?»

«ምን አልኩ?»

«ጭድና ድርቆሽ።»

«በልታለች። እሱን ብቻ ነው የበላችው።» እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «የጠጣችውን የጠየቀኝ ግን የለም።»

ዳሚት ታመሰኳለች። በእኛ አገር ከብት አተላ ይጠጣል እንጂ አይበላም፤ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። ቅጹን የጻፍኩት ደግሞ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁት እኔ ነኝ።

«አተላ?» አለች ሂዊ ቀስ ብላ።

«አተላ። ጋን ነው ብለሽ አስተማርሽኝ፤ እርሾውን ከለከልሽኝ። እኔ ደግሞ ቤቴ ሞልቷል።» ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን ሳታልል ከረምኩ፤ ቃሌ ልክ ነውና። ሚካኤል ግን ቃል አይሰማም፤ ልብ ነው የሚያይ። የመሳፍንትን ላም ለቢላ መስጠት አቃተኝ። ላሚቱስ ጠጣች፤ ያንቺን ልፋት የበላሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

ሂዊ እንደምትቆጣ ጠበቅሁ። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ዳሚትን አየች፣ ወንፊቱን አየች፣ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ አልቆም ብሏት ሆዷን ያዘች። እትዬም ግራ ገብቷቸው አብረው መሳቅ ጀመሩ። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ አዲስ ገጽ አወጣች።

«በቀን ስንት ጣሳ?»

«በጠዋት ሁለት፣ በማታ ሁለት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዕጣው በወጣ ማታ» አሉ እትዬ አንገታቸውን ደፍተው።

ዳሚት ከጥናቱ ወጣች። በአሥራ አንዱ ላሞች ብቻ ሲደመር የዱቄቱ ጥቅም ታየ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። የሂዊ መምህርም እውነቱ ከነምክንያቱ ከተጻፈ ይበቃል ብሎ ተቀበላት። ባምላኩ ነገሩን ሲሰማ «እትዬ፣ የበሬዎቼን ድርሻ ለላም?» ብሎ ለሁለት ቀን አኮረፈ፤ በሦስተኛው ቀን አተላው ለሁለት እንዲከፈል ተስማምተው በአንድ ማሰሮ ጠላ ታረቁ። ይሄይስ በቅዳም ሹር መጣ። ዳሚትን ሁለት ጊዜ ዞራት፣ ጎድኗን ፈልጎ አጣው፣ «ይህች እሷ ናት?» አለ። ስለ ሽያጭ አንድ ቃል አልወጣውም፤ በማግሥቱ ዶሮውን በልቶ ወደ ባጃጁ ሄደ። በዳግማ ትንሣኤ ሰሞን ዳሚት ኮርማ ፈለገች።

እኔም ቅጼን አስተካከልኩ። አሁን «ምን በላች? ምን ጠጣች? ምን ላሰች?» ይላል። አለቃዬ ለምን ረዘመ አለኝ፤ ቁይ መጥቶ እንዲጠይቅ ነገርኩት።

ዘንድሮ በየካቲት የሂዊ የጥናት መጽሐፍ ታትሞ በእኔ በኩል ደረሰ። ወደ እትዬ ቤት ይዤው ስሄድ ዳሚት ከወለደች ገና አራተኛ ቀኗ ነበር፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ሴት ጥጃ፤ ስሟን ዕጣዬ ብለዋታል። እትዬ እንገር አፍልተው በሳህን አቀረቡልኝ። መጽሐፉን ተቀብለው አገላበጡት፣ እንግሊዝኛ መሆኑን ሲያዩ መለሱልኝ። «የእኛን ቦታ ፈልገህ አንብብልኝ» አሉኝ።

ፈለግሁት። ሁለት መስመር ነው። እየተረጎምኩ አነበብኩ፤ «አንዲት ላም ከተፈቀደው ውጭ ሌላ መኖ በመብላቷ ከጥናቱ ወጥታለች» ይላል አልኳቸው።

እጄ ወደ ሳህኑ ሲሄድ ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«በልታ ነው የወጣችው?»

«እንዲህ ነው የሚለው፣ እትዬ።»

«እርሳስህን አውጣ።»

አወጣሁ። ከእንግሊዝኛው ጎን፣ ነጩ ላይ፣ እሳቸው ትከሻዬን ይዘው እያዩኝ «ጠጥታ ነው» ብዬ በአማርኛ ጻፍኩ። ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ እንገሩን ሰጡኝ።